የሒሳብ ደረጃ ሲለወጥ፦ መዝገብን ስለ ማስተካከልና ለባለአክሲዮን ስለ መግለጥ

የአንድ አክሲዮን ማኅበር ትርፍ ካምናው በልጦ ወይም አንሶ በዓመታዊው የሒሳብ መግለጫ ላይ በታየ ጊዜ፣ ገንዘቡን በእምነት ያስቀመጠው ባለአክሲዮን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር፣ ልዩነቱ ከንግዱ የመጣ ነው ወይስ የሒሳብ ደንብ ስለ ተለወጠ ከብዕር የመጣ ነው የሚለው ነው፤ ይህንንም ለይቶ የማስረዳት ግዴታ የወደቀው መዝገቡን በሚይዘው የሒሳብ ኃላፊና መግለጫውን መርምሮ በሚያጸድቀው የዳይሬክተሮች ቦርድ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ፣ አዲስ ደረጃ ከወጣበት ቀን አንሥቶ መግለጫው ታትሞ ለጠቅላላ ጉባኤ እስከሚቀርብበት ቀን ድረስ፣ እርስዎ የሒሳብ ኃላፊው በተራ ሊፈጽሟቸው የሚገባዎትን ተግባሮች ለማመልከት የተዘጋጀ ነው።

በአገራችን የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከታወጀና የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ፣ የፋይናንስ ተቋማትና ታላላቅ የመንግሥት ድርጅቶች ቀዳሚ ሆነው፣ ሌሎቹም ደረጃ በደረጃ እየተከተሉ፣ በተለምዶ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ ወደምንለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ሥርዓት ገብተዋል። ብዙዎቹ ባንኮች የመጀመሪያውን ሙሉ መግለጫ ያወጡት ለ2010 የሒሳብ ዓመት ሲሆን፣ ለዚህም የመነሻ ሚዛናቸውን ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መልሰው ከ2008 ማብቂያ ጀምረው እንደገና መሥራት ነበረባቸው። ድካሙ ታላቅ ስለ ነበረ ብዙ ሰዎች ሽግግሩን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የተፈጸመ ነገር አድርገው ቈጠሩት። ነገር ግን ደረጃዎቹን የሚያወጣው መቀመጫው ለንደን የሆነ ዓለም አቀፍ ቦርድ ሥራውን አያቋርጥምና፣ የብድር ኪሳራን የሚመለከተው አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 9 ከሐምሌ 2010፣ ኪራይን የሚመለከተው አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 16 ከሐምሌ 2011፣ የመድን ውልን የሚመለከተው አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 17 ከሐምሌ 2015 በሚጀምሩት የሒሳብ ዓመታት እየተከታተሉ መጥተዋል፤ ከእነርሱም ቀጥሎ የትርፍና ኪሳራ መግለጫን መልክ ከሥር የሚለውጠው አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 18 ተራውን ይዟል።

የለውጡን ባሕርይ መለየት

የመጀመሪያው ተግባርዎ የመጣው ለውጥ ምን ዓይነት እንደ ሆነ መለየት ነው። አይ.ኤ.ኤስ 8 የተባለው ደረጃ የሒሳብ አያያዝ ፖሊሲ ለውጥን፣ የግምት ለውጥንና የቀድሞ ዘመን ስሕተትን ሦስት አድርጎ ይከፍላቸዋል፤ ሦስቱም መዝገብን ይነካሉ፤ ነገር ግን የሚነኩበት መንገድና በማብራሪያ የሚገለጡበት ሥርዓት እጅግ የተራራቀ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሁሉ የተጣመመ ይሆናል። አንድ ድርጅት የጭነት መኪናዎቹን የአገልግሎት ዘመን 5 ዓመት አድርጎ የእርጅና ቅናሽ ሲያስብ ኖሮ፣ መኪናዎቹ ከዚያ በላይ እንደሚያገለግሉ ከተግባር ተረድቶ ዘመኑን ወደ 8 ዓመት ቢያሳድግ፣ ይህ የግምት ለውጥ ነውና ያለፈው ዓመት አይነካም፤ ለውጡ ከዚያ ወዲህ ብቻ ይሠራል። የመጋዘን ዕቃውን ዋጋ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይወጣል ከሚለው ስሌት ወደ አማካይ ዋጋ ያዛወረ እንደ ሆነ ግን የፖሊሲ ለውጥ ነውና፣ አዲሱ ስሌት ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት እንደ ኖረ ተቈጥሮ ያለፈው ዓመት ቁጥር እንደገና ይሰላል። ባለፈው ዓመት ሊመዘገብ ሲገባው ሳይመዘገብ የቀረ ደረሰኝ የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ስሕተት ነው፤ ስሕተትም በስሙ ተጠርቶ ይታረማል እንጂ «አዲሱ ደረጃ ያመጣው ማስተካከያ» በሚል ርእስ ተሸፍኖ አይታለፍም። በእኔ አስተያየት በሽግግር ዓመት ከሚሠሩት ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ይህ መሸፈን ነው፤ አንባቢው ስሕተቱን እንዳያውቅ ከማድረጉም በላይ በደረጃው ላይ የሌለበትን ነገር ይጭንበታልና።

ከሦስቱ ከአንዱም የማይቈጠር ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ በውጭ ገንዘብ የሚከፈል ዕዳ ያለባቸው ድርጅቶች መዝገብ ላይ ታላቅ ልዩነት ወረደ። ይህ ግን የኢኮኖሚ ክስተት ነው፤ ደንቡ ያው ሆኖ ሳለ ዓለሙ ተለወጠ። በአንጻሩ ገንዘብ በቀላሉ በማይመነዘርበት ጊዜ የትኛው ተመን ይወሰድ የሚለውን ለመወሰን በ2015 ማብቂያ የወጣው የአይ.ኤ.ኤስ 21 ማሻሻያ የደንብ ለውጥ ነው። ሁለቱን በአንድ አንቀጽ አደባልቆ መጻፍ አንባቢን ማሳት ይሆናል።

ዘመኑን መቀመር

አባቶቻችን የአጽዋማትንና የበዓላትን ዕለት በባሕረ ሐሳብ ቀምረው ዓመቱ ሳይገባ እንደሚያውጁት ሁሉ፣ የሒሳብ ኃላፊም ደረጃው የወጣበትን፣ የሚጸናበትን፣ ድርጅቱ በመጀመሪያ የሚሠራበትን፣ ከሁሉም ይልቅ የማነጻጸሪያው ዓመት የሚጀምርበትን ቀን አስቀድሞ ሊቀምር ይገባዋል። ደረጃዎቹ የሚጸኑት ብዙ ጊዜ በአውሮፓውያን ጥር 1 ቀን ወይም ከዚያ በኋላ በሚጀምር የሒሳብ ዓመት ነው፤ የእኛ የሒሳብ ዓመት ግን በአብዛኛው በሐምሌ ይጀምራል።

አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 18ን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ደረጃው የወጣው ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ነው፤ የሚጸናው በአውሮፓውያን ጥር 1 ቀን 2027፣ ማለት በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2019 ወይም ከዚያ በኋላ በሚጀምር የሒሳብ ዓመት ነው። ስለዚህ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚቈጥር ድርጅት በመጀመሪያ የሚሠራበት ሐምሌ 1 ቀን 2019 በዘመነ ሉቃስ ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን 2020 በዘመነ ዮሐንስ በሚያበቃው ዓመት ይሆናል። ብዙ ሰው ቀመሩን እዚህ ላይ ያቆማል፤ መቆም ግን አይገባም። ደረጃው የማነጻጸሪያው ዓመት ቁጥር በአዲሱ መልክ ተስተካክሎ እንዲቀርብ ያዛልና፣ ሐምሌ 1 ቀን 2018 የሚጀምረው የዓመቱ መዝገብ፣ በአሮጌው ደንብ እየተዘጋ፣ በጎን ደግሞ በአዲሱ ክፍፍል ሊሰበሰብ የሚችል ሆኖ መያዝ አለበት። የሒሳብ መደብ ዝርዝሩና የኮምፒዩተሩ ሥርዓት እስከዚያ ቀን ካልተዘጋጁ፣ በሺሕ የሚቈጠሩ ምዝገባዎችን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተመልሶ መለየት የግድ ይሆናል። በአውሮፓውያን ዘመን የሚቈጥር ድርጅት ደግሞ ለራሱ ዓመት የሚስማማውን ይቀምር። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የተዘጋጀውን ደረጃ የሚከተሉትም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ የዚያ ደረጃ ሦስተኛ እትም በ2017 ወጥቶ የሚጸናው በዚያው ታኅሣሥ 23 ቀን 2019 ወይም ከዚያ በኋላ በሚጀምር ዓመት ነውና።

የሽግግር አንቀጾችን አስቀድሞ ማንበብ

ደረጃውን ያገኙ ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ይልቅ በመጨረሻ ካሉት ተቀጥላዎች ውስጥ ስለ መጽኛ ቀንና ስለ ሽግግር የሚናገሩትን አንቀጾች አስቀድመው ያንብቡ። በእነዚያ አንቀጾች ውስጥ ደረጃው ከሦስት መንገዶች አንዱን ያዛል ወይም ያስመርጣል። አንዱ መንገድ አዲሱ ደንብ ከጥንት ጀምሮ እንደ ነበረ አድርጎ የማነጻጸሪያውን ዓመት ጭምር መሥራት ነው፤ ሌላው ያለፈውን ዓመት እንዳለ ትቶ የተጠራቀመውን ልዩነት በመጀመሪያው ቀን በመነሻው ያልተከፋፈለ ትርፍ ላይ ማስገባት ነው፤ የቀረውም ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻ መሥራት ነው። አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 16 ለተከራዮች ሁለቱን የመጀመሪያ መንገዶች ለምርጫ አቅርቦ ነበር፤ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 9 ያለፈውን ዓመት ሳያስተካክሉ ልዩነቱን በመነሻው ሚዛን ላይ ማስገባትን ፈቅዷል፤ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 18 ግን የመጀመሪያውን መንገድ ብቻ ያዛል።

ያለፈውን ዓመት እንደገና መሥራት አይቻለንም የሚል ምክንያት በጥንቃቄ የሚነሣ ነው። አይ.ኤ.ኤስ 8 እንዲህ ያለውን ምክንያት የሚቀበለው፣ ተገቢው ጥረት ሁሉ ተደርጎ መረጃው ያልተገኘ እንደ ሆነ፣ ወይም ስሌቱ ዛሬ የታወቀውን ያን ጊዜ እንደ ታወቀ አድርጎ ማሰብን የሚጠይቅ ከሆነ ነው። ሥራ መብዛቱና የሰው ማነሱ በዚህ አይገቡም። ምክንያቱን የሚያነሣ ድርጅትም ለምን እንዳልተቻለውና ደንቡን ከመቼ ጀምሮ እንደ ሠራበት በማብራሪያው ላይ መጻፍ አለበት፤ ስለዚህ ለዚህ ምርጫ የሚቀርበው ማስረጃ በዚያው ጊዜ ተጽፎ በመዝገብ ይቀመጥ።

መንገዱን ከመረጡ በኋላ የምርጫውን ሐተታ በጽሑፍ ያዘጋጁ። ጽሑፉ ደረጃው ምን እንደሚል፣ በድርጅቱ የትኞቹ ውሎችና ሒሳቦች እንደሚነኩ፣ የትኛው አማራጭ ለምን እንደ ተመረጠ የሚያስረዳ ሆኖ በኦዲት ኮሚቴው ፊት ይነበብ፤ የውሳኔውም ቃለ ጉባኤ ይያዝ። የውጭ ኦዲተሩም በዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን በዚህ ጊዜ ይስማው።

ኪራይ እንደ ምሳሌ

ሥራው በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ኪራይን የመሰለ የለም፤ ምክንያቱም ኪራይ የሌለበት ድርጅት በከተማችን ጥቂት ነውና። ከአይ.ኤፍ.አር.ኤስ 16 በፊት ተከራይ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ የከፈለውን ኪራይ በወጪ ይጽፍ ነበር፤ ወደ ፊት ሊከፍል የገባበት ግዴታ ግን በዕዳው ዓምድ አይታይም ነበር። የዓለም አቀፉ ቦርድ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር የነበሩት ሰር ዴቪድ ትዊዲ ከመሞታቸው በፊት በአየር መንገዱ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ በተመዘገበ አውሮፕላን ለመብረር እንደሚመኙ ይናገሩ የነበረው ስለዚሁ ጉድለት ነው።

አንድ ነጋዴ ማኅበር የሽያጭ አዳራሽ ለ5 ዓመት ተከራይቶ በየዓመቱ መጨረሻ 600,000 ብር ይከፍላል እንበል፤ ማኅበሩ በዚያ ቀን ለዚያን ያህል ዘመን ቢበደር የሚከፍለው ወለድም 15 በመቶ ይሁን። የአምስቱ ክፍያዎች የዛሬ ዋጋ 2,011,293 ብር ይሆናል፤ ይህም በአንድ በኩል የመጠቀም መብት ተብሎ በሀብት፣ በሌላ በኩል የኪራይ ዕዳ ተብሎ በዕዳ ይመዘገባል። በመጀመሪያው ዓመት የመብቱ እርጅና 402,259 ብር፣ የዕዳው ወለድ 301,694 ብር፣ በድምሩ 703,953 ብር በወጪ ይጻፋል። የአሮጌው ደንብ ወጪ 600,000 ብር ብቻ ስለ ነበረ የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ ከ100,000 ብር በላይ ይቀንሳል፤ በአምስተኛው ዓመት ግን ወጪው ወደ 480,520 ብር ስለሚወርድ ትርፉ መልሶ ይጨምራል። የአምስቱ ዓመታት ድምር በሁለቱም ደንብ 3,000,000 ብር ነው፤ ከአከራዩ ጋር የተደረገው ውልም አንዲት ፊደል አልተለወጠችበትም። ባለአክሲዮኑ ሊረዳው የሚገባው ይህ ነው፤ ካልተነገረው ግን በመጀመሪያው ዓመት ሥራ አስኪያጁን ያለ በደሉ ይወቅሳል፣ በአምስተኛውም ያለ ሥራው ያመሰግናል።

የውል ማሰባሰቡ ሥራ ከስሌቱ ይልቅ አድካሚ ነው። በግዥ ክፍል፣ በቅርንጫፎችና በሕግ አገልግሎት የተበታተኑ ውሎች ሁሉ በአንድ መዝገብ ይጠቃለሉ፤ ከከተማ አስተዳደር በሊዝ የተያዘ መሬትም አይዘንጋ። ኪራዩ ቅድሚያ የተከፈለ እንደ ሆነ፣ ይኸውም በባንኮቻችን የቅርንጫፍ ኪራይ ዘንድ የተለመደ ነው፣ የተከፈለው ገንዘብ ከቅድመ ክፍያ ሒሳብ ወደ መጠቀም መብት ይዛወራል እንጂ ዕዳ አይፈጥርም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ባንክ የኪራይ ዕዳው ትንሽ፣ የመጠቀም መብቱ ግን ትልቅ ሆኖ ቢታይ አንባቢው እንዳይደነግጥ ምክንያቱ ይነገረው። ውሉ የአንድ ዓመት ነውና ደረጃው አይመለከተንም ብሎ መተውም አደገኛ ነው፤ ተከራዩ ውሉን የማደስ መብት ኖሮት፣ በቤቱ ውስጥ ካዝና አስገንብቶና ግድግዳ አፍርሶ ሠርቶ ከሆነ፣ ጥሎ እንደማይወጣ ግልጽ ስለሆነ ዘመኑ ከተጻፈው በላይ ሊቈጠር ይችላል።

በሽግግሩ ዓመት ያለፈውን ሳያስተካክል የተሻገረ ተከራይ፣ በመጀመሪያው ቀን የተጠቀመበትን አማካይ የወለድ መጠን እንዲገልጽና፣ ቀድሞ በማብራሪያው ላይ ጽፎት የነበረው የኪራይ ግዴታ አሁን በዕዳ ከተመዘገበው ለምን እንደ ተለየ እንዲያስረዳ ታዞ ነበር። ይህ የማስታረቂያ ሠንጠረዥ ነውና ከማንኛውም ረጅም ሐተታ ይልቅ ይጠቅማል፤ ያለፈውን ቁጥር የያዘ አንባቢ በእጁ ካለው ተነሥቶ ወደ አዲሱ የሚደርስበት መንገድ እርሱ ብቻ ነው።

ስለ ባንኮች፣ ስለ ግብርና ስለ ብድር ውል

በባንክ የሚሠሩ ከሆነ ሁለት ሕግ በአንድ ጊዜ እንደሚገዛዎ ያስታውሱ። አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 9 ብድሩ ሳይበላሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጠበቀውን ኪሳራ ማሰብን ያዛል፤ ይኸውም የተበዳሪው ሁኔታ ካልከፋ የሚቀጥሉትን 12 ወራት፣ በጉልህ የከፋ እንደ ሆነ ግን የብድሩን ቀሪ ዘመን በሙሉ በማየት ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ መመሪያ ደግሞ ብድሩ በዘገየበት ቀን ልክ መጠባበቂያ ያስይዛል። የብሔራዊ ባንኩ ስሌት የበለጠ እንደ ሆነ ልዩነቱ ከወጪ አይገባም፤ ካልተከፋፈለ ትርፍ ተቀንሶ ለባለአክሲዮን በማይከፋፈል ልዩ መጠባበቂያ ይቀመጣል። ለትርፍ ድርሻ የተዘጋጀው ገንዘብ ለምን እንዳነሰ የሚጠይቀው ባለአክሲዮን መልሱን በካፒታል ለውጥ መግለጫው ላይ በግልጽ ሊያገኘው ይገባል።

ግብር አስገቢው መሥሪያ ቤት ሒሳብዎን የሚያየው በግብር ሕጉ ስለሆነ፣ በሽግግር የተለወጠው ሀብትና ዕዳ ሁሉ የተላለፈ ግብር ሊያስከትል ይችላል፤ ማስተካከያው ያለ ግብሩ ከተጻፈ ጎደሎ ነው። የባንክ ብድር ያለበት ድርጅት ደግሞ ዕዳው ከካፒታሉ ይህን ያህል እጥፍ አይበልጥም የሚል ቃል በውሉ ገብቶ ከሆነ፣ በደረጃ ለውጥ ብቻ ያንን ወሰን እንዳያልፍ አስቀድሞ አስልቶ አበዳሪውን ያነጋግር።

ደረጃው ሳይጸና ስለሚጻፈው ማብራሪያ

ማብራሪያ የመጻፍ ግዴታ የሚጀምረው ደረጃው በሚጸናበት ዓመት ሳይሆን በወጣበት ዓመት ነው። አይ.ኤ.ኤስ 8 ወጥቶ ገና ያልጸና ደረጃ መኖሩንና፣ በመጀመሪያው ዓመት ሊያስከትል የሚችለውን ውጤት ለመገመት የሚረዳ የታወቀ ወይም በተገቢ መንገድ ሊገመት የሚችል መረጃ እንዲገለጽ ያዛል። በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያዎች የተመዘገቡ ድርጅቶችም የገበያው ተቈጣጣሪ በ1987 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ባወጣው መግለጫ ተመሳሳይ ግዴታ አለባቸው። በአገራችንም የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ነገ የሚሆነውን ዛሬ የማወቅ ፍላጎት በገዢና በሻጭ መካከል የዋጋ ጉዳይ ሆኗል።

በብዙ ዓመታዊ ሪፖርቶች ላይ ግን የምናነበው «ማኅበሩ የደረጃውን ውጤት በመመርመር ላይ ነው» የሚል አንድ መስመር ነው፤ ያው መስመር ሳይለወጥ ለሦስት ዓመት ይታተማል። በመጀመሪያው ዓመት ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው የትኞቹ ሒሳቦች እንደሚነኩ፣ በሦስተኛው በገንዘብ ስንት እንደሆነ ሊነገር ይገባል። ለነጋዴ ማኅበር ስለ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 18 ከመጽናቱ በፊት ባለው ዓመት የሚጻፈው ማብራሪያ እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል፦

«ደረጃው ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በማኅበሩ ላይ ይጸናል። የሚለውጠው የትርፍና ኪሳራ መግለጫን አከፋፈል እንጂ የሀብትን፣ የዕዳን፣ የገቢንና የወጪን ልክ ስላልሆነ፣ በተጣራ ትርፍና በካፒታል ላይ ለውጥ አያመጣም። በባንክ ካለን ተቀማጭ ያገኘነው ወለድ 4,200,000 ብር እስካሁን ከሥራ ትርፍ ጋር ሲቈጠር ኖሯል፤ በአዲሱ ደረጃ ወደ ኢንቨስትመንት ክፍል ይዛወራል። ስለዚህ የያዝነው ዓመት የሥራ ትርፍ 31,500,000 ብር፣ በአዲሱ ደረጃ ቢቀርብ 27,300,000 ብር ይሆን ነበር።»

ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ አጻጻፉን ግን ልብ ይበሉ፦ መቼ፣ ምን፣ ስንት፣ ደግሞም ምን እንዳልተለወጠ ተነግሯል። ለባንክ ቢሆን ኖሮ ማብራሪያው ሌላ መልክ በያዘ ነበር፤ ማበደር ዋና ሥራው ስለሆነ ከብድር የሚያገኘው ወለድ በሥራ ክፍል ይቀራልና። የምንዛሪ ልዩነትም እንደ ምንጩ ይመደባል፤ ከደንበኛ ከሚሰበሰብ ሒሳብ የመጣው በሥራ ክፍል፣ ከውጭ ብድር የመጣው በፋይናንስ ክፍል ይገባል። በውጭ ገንዘብ ለተበደሩ ድርጅቶች ይህ ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ የምንዛሪ ኪሳራን በአንድ መደብ ብቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰዎች መደቡን አሁኑኑ ይክፈሉት።

በመጀመሪያው ዓመት ስለሚጻፈው ማብራሪያ

ደረጃው በጸናበት ዓመት የሚጻፈው ማብራሪያ የደረጃውን ስም፣ ለውጡ በሽግግር አንቀጾቹ መሠረት መደረጉን፣ የለውጡን ባሕርይ፣ የተመረጠውን መንገድና በወደፊት ዓመታት ላይ ውጤት ካለው ያንኑ ይይዛል፤ ደረጃው ራሱ ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ በተነካው በእያንዳንዱ መስመር ላይ የተደረገው ማስተካከያ በብር ይጻፋል፤ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ከሆነም በአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ እንዴት እንደ ተለወጠ ይታያል። ያለፈው ወደ ኋላ ተሠርቶ በማነጻጸሪያው ዓመት መነሻ ሚዛን ላይ ጉልህ ለውጥ ያመጣ እንደ ሆነ፣ የዚያ መነሻ ቀን የሀብትና ዕዳ መግለጫ ሦስተኛ ዓምድ ሆኖ ይጨመራል። አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 18ን በተመለከተ ደግሞ ያለፈው ዓመት ትርፍና ኪሳራ በአሮጌው ደንብ እንደ ታተመና በአዲሱ እንደ ተስተካከለ በየመስመሩ ጎን ለጎን ተነጻጽሮ እንዲቀርብ ደረጃው ራሱ ያዛል።

በዚያው ደረጃ ውስጥ ብዙዎች ያላስተዋሉት አንድ ትእዛዝ አለ። በዓመታዊው ሪፖርት ላይ በሚታተመው የሰብሳቢው መልእክት ወይም ለጋዜጦች በሚላከው መግለጫ «ልዩ ወጪዎች ሳይታሰቡ ያገኘነው ትርፍ» የሚል በደረጃው ያልተደነገገ የትርፍ መለኪያ ካለ፣ መለኪያው ከእንግዲህ በሒሳቡ ማብራሪያ ውስጥ ገብቶ፣ እንዴት እንደ ተሰላና ለምን እንደሚጠቅም ተነግሮ፣ ከደረጃው ቁጥር ጋር ታርቆ፣ በኦዲተር ይመረመራል። ስለዚህ የሒሳብ ኃላፊው የሰብሳቢውን መልእክት ረቂቅ ከማተሚያ ቤት በፊት ማየት አለበት።

ወደ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ ገና የሚገባ ድርጅት በአይ.ኤ.ኤስ 8 ሳይሆን በአይ.ኤፍ.አር.ኤስ 1 ይገዛል። እርሱም ሦስት የሀብትና ዕዳ መግለጫዎችን ያዘጋጃል፤ በሽግግሩ ቀንና በአሮጌው ደንብ የመጨረሻ ዓመት የነበረውን ካፒታል፣ የዚያንም ዓመት ጠቅላላ ገቢ ከአዲሱ ጋር ያስታርቃል፤ መግለጫው ደረጃዎቹን በሙሉ የተከተለ መሆኑንም ያለ አንዳች ገደብ ይመሰክራል። ከብዙ ዘመን በፊት በጥቂት ብር ተሠርተው በመዝገብ ዋጋቸው ያለቀ ሕንፃዎች ያሉት ድርጅት፣ በሽግግሩ ቀን ያላቸውን ትክክለኛ ዋጋ እንደ መነሻ ዋጋ እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። ጭማሪው ግን የትርፍ ሳይሆን የግመታ ፍሬ ነውና ለክፍፍል እንደ ተገኘ ገንዘብ አይቈጠር፤ መጠኑም በማብራሪያው ላይ ለብቻው ይጻፍ።

መግለጫው ለጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ፣ በጉባኤው ከሚሰበሰቡት አብዛኞቹ የሚከተሉት የአማርኛውን ሪፖርት ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛው ማብራሪያ ውስጥ ያለው የሽግግር ሠንጠረዥ በአማርኛውም ሳይቈረጥ ይግባ። ከትርፉ ለውጥ ከብዕር የመጣው ይህን ያህል፣ ከንግዱ የመጣው ይህን ያህል የሚል አንድ አጭር አንቀጽም በሰብሳቢው መልእክት መጀመሪያ ላይ ይቀመጥ።

ከዚህ በኋላ የምርጫውን ሐተታ፣ የተሰበሰቡትን ውሎች፣ የወለድ መጠኑን መነሻና የማስታረቂያ ሠንጠረዦቹን በአንድ ፋይል አድርገው ያስቀምጡ፤ የሚመጣው ኦዲተርም ሆነ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርዱ የሚጠይቁት እነዚህን ነው። የሽግግሩን ማብራሪያ በሚከተለው ዓመት መድገም ግዴታ ስላልሆነ ከመግለጫው ያውጡት፤ በቦታውም ወጥተው ገና ያልጸኑትን ደረጃዎች ዝርዝር ከእያንዳንዳቸው ቀን ጋር ያስገቡ።